በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚመላለሱ ጀልባዎችና ስለ ተሳፋሪዎች ደኅንነት

የጣና ሐይቅ በዳሩ ለሚኖረው ሕዝብ የዓሣ ማጥመጃ፣ የገበያ መንገድና የመዝናኛ ስፍራ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። በባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳ፣ ለሽርሽር የወጣ ሞተር ጀልባ፣ ወደ ገዳማት የሚሻገሩ ምእመናንና የአገር ጎብኚዎች በአንድ ውሃ ላይ ሲተላለፉ ያያል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት የጎብኚው ቁጥር የቀነሰ ቢሆንም፣ የከተማው ሕዝብ በበዓልና በዕረፍት ቀን ወደ ውሃው መውጣቱን ፈጽሞ አልተወም። ጀልባዎቹ በምን ዓይነት ሥርዓት ይመሩ የሚለው ጥያቄም ከዚሁ የተነሣ ክርክር የሚያስነሣ ሆኗል።

ክርክሩ በሁለት ወገን የሚታይ ነው። አንደኛው ወገን ሕጉ ይጥበቅ፣ ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ አይነሣ፣ ከልኩ በላይ የጫነም ይቀጣ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጀልባ ነጂው በዚህ ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው መሆኑን፣ የነዳጁም ዋጋ መክበዱን፣ ደንቡ ከበዛ ሕዝቡ በርካሽ የሚሻገርበት ነገር የሚያጣ መሆኑን ያስረዳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሆኖም ጉዳዩ በዝርዝር ሲመረመር፣ አብዛኛው አደጋ የሚጀምረው ጀልባው ገና ከዳር ሳይለቅ፣ ገመዱም ሳይፈታ መሆኑ ይታያል። ስለዚህ ስለ ሕጉ ጥብቅነት ከመከራከር አስቀድሞ የውሃውንና የጀልባውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ እንደ ወራቱ ከ3,000 እስከ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ ከ15 ሜትር አያልፍም፤ በአማካይም 8 ወይም 9 ሜትር ነው። ይህን የሰማ ሰው ጥልቀት የሌለው ውሃ አደጋ የለውም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ነፋስ ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ገላጣ ውሃ ላይ ሲነፍስ ማዕበሉን እየገፋ ያሳድገዋል፤ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነም ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው እየተከተለ ጀልባውን ይመታዋል። በሰፊ ውቅያኖስ ላይ ያለ ረጅም ማዕበል ትንሽ ጀልባን አንሥቶ በዝግታ ያወርዳታል፤ የጣናው ዓይነት አጭር ማዕበል ግን በጠርዟ ላይ ዘሎ ውስጧ ይገባል። ለመስጠምም ቢሆን የሰውን ቁመት ያህል ውሃ ይበቃል።

የሐይቁ ሰዎች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ባለ ታንኳው በማለዳ፣ ውሃው እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ ይነሣና ነፋሱ ከቀትር በኋላ ሳይበረታ ጉዳዩን ፈጽሞ ለመመለስ ይቸኩላል። በክረምትም የደመናውን ቀለም አይቶ ጉዞውን ያስተላልፋል። ለሽርሽር የሚወጣው ሰው ግን ምሳውን በልቶ፣ ዕቃውንም አሰናድቶ የሚነሣው ነፋሱ በሚነሣበት ሰዓት ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ ከጀልባው ዕድሜና ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ብዙ ነገርን የሚወስን ነው።

ስለ ታንኳዋ ራሷ ጥቂት ማለት ይገባል። ከደንገል የምትሠራው ታንኳ ጥቂት ወራት ካገለገለች በኋላ ውሃ ጠጥታ የምትጣል፣ ለዓይንም ደካማ የምትመስል ናት። ነገር ግን ውሃ የሚሞላት ጎድጓዳ ሆድ የላትም፤ ሰውነቷ በሙሉ የሚንሳፈፍ እስር ነውና ማዕበል ቢያጥባትም ባለቤቷ የሚይዘው ነገር አያጣም። የብረት ወይም የፋይበር ጀልባ ግን አየር የታሸገበት ክፍል ካልተሠራለት በቀር፣ ውሃ በሞላው ጊዜ እንደ ድስት ይሰጥማል። ስለዚህ ለሞተር ጀልባ የወጣውን ደንብ እንዳለ በታንኳ ላይ መጫን የማያስፈልግ ብቻ ሳይሆን፣ በድህነት የሚኖረውን ዓሣ አጥማጅና እንጨት ሻጭ ያለ ጥቅም ማጎሳቆል ነው። ታንኳዋ የምትፈልገው ጥበቃ ሌላ ነው፤ ይኸውም ፈጣን ሞተር ጀልባ በአጠገቧ ሲያልፍ የሚያስነሣው ማዕበል እንዳይገለብጣት ነጂው ከሩቅ ሞተሩን እንዲያበርድላት ነው። በዚህ ረገድ ግዴታው በጠንካራው ላይ ይውደቅ ቢባል ፍርድ የተዛባ አይሆንም።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጭነቱ እንመለስ ቢባል፣ የክብረ በዓል ቀን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲሆን በዘጌ ወደምትገኘው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ የሚፈልግ ምእመን ብዙ ነው። ሁሉም በማለዳ ይመጣል፤ ሁሉም አብሮ ለመሄድ ይፈልጋል፤ ከዘመዶቹ ተለይቶ ቀጣዩን ጀልባ ለመጠበቅ የሚወድ የለም። ነጂው እንቢ ቢል ክፉ ሰው ይባላል፤ ቄሱን ወይም አሮጊቷን እናት ከዳር ትቶ መሄድም ያሳፍረዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከልክ በላይ መጫን ከነጂው ስግብግብነት ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከተሳፋሪው ልመናም የሚመጣ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ጭነቱ የሚያመጣው ጉዳት በሒሳብ ሊታይ ይችላል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ፣ 20 ሰው እንዲይዝ የተሠራ ጀልባ አለ እንበል። አንዱ ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን፣ 10 ሰዎች ሲጨመሩበት 650 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ይሆናል። ጀልባው ፊትና ኋላው ጠበብ ያለ መሆኑ ታስቦ ሲሰላ፣ በዚህ ክብደት ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይበልጥ ይሰጥማል። ስድስት ሳንቲ ሜትር አራት ጣት የማትሞላ ናት። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ጀልባው ምንም እንዳልሆነ ያያል። የማይታየው ነገር ሌላ ነው። የተጨመሩት ሰዎች መቀመጫ ስለማያገኙ ይቆማሉ፤ ሲቆሙም የጀልባው ክብደት ወደ ላይ ይወጣል፤ ክብደቱ ወደ ላይ የወጣ ጀልባም አንድ ጊዜ ካዘነበለ ለመመለስ ይሰንፋል። ከዚያ አንድ ሰው ጉማሬ አየሁ ብሎ ሲጮህ ሁሉም ለማየት ወደ አንድ ጎን ይነሣል።

ይህ በግምት የተነገረ ብቻ አይደለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2018 ኤም ቪ ኔሬሬ የተባለችው የታንዛኒያ መንግሥት ጀልባ ከኡኬሬዌ ደሴት ተነሥታ ኡካራ ለመድረስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ተገለበጠች። የተፈቀደላት 101 ሰው ሲሆን፣ ዕለቱ የገበያ ቀን ነበርና ከዚህ እጅግ የበዛ ሕዝብ ከነዕቃው ተሳፍሮባት ነበር። ከ220 ሰዎች በላይ ሞቱ። ወደብ ተቃርቦ፣ ሰው በዳር ቆሞ እያየ ይህን ያህል ነፍስ መጥፋቱ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ከዚያ ሁለት ወር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2018፣ በዚያው ሐይቅ በኡጋንዳ ግዛት በሙኮኖ አካባቢ ሰዎች ሙዚቃ እየሰሙ ለመዝናናት የወጡባት አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጀልባዋ ከልኳ በላይ የጫነችና ፈቃድም ያልነበራት መሆኗን የአገሩ ባለሥልጣኖች ገልጸዋል። ኡጋንዳ ከቅኝ ግዛት ዘመን የቆየውን የውሃ ትራንስፖርት ሕጓን በአዲስ ሕግ የተካችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በጣና ላይ የሚሠራ ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን መከራ ሳይቀምስ አስቀድሞ የመማር ዕድል አለው።

ስለ ላይፍ ጃኬት የሚነሣው ክርክር ደግሞ ከሁሉ የሚረዝም ነው። ብዙ ጀልባ ነጂዎች ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ አለ ይላሉ፤ በመቀመጫ ሥር ታጥፎም ያሳያሉ። ነገር ግን ጀልባ ሲገለበጥ ጊዜ የሚሰጠው በጥቂት ሴኮንዶች ነው። በጨለማና በጩኸት መካከል ከመቀመጫ ሥር ጃኬት አውጥቶ፣ ማሰሪያውን ፈትቶ የሚለብስ ሰው አይገኝም። ያልተለበሰ ጃኬት እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው።

የማይለብሱት ሰዎችም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። አንዱ በብዙ ሰው ላብ የቆሸሸ ነው ይላል፤ ይህ ቅሬታ እውነተኛ ስለሆነ ማኅበራቱ ጃኬቱን በየጊዜው ማጠብና በፀሐይ ማድረቅ ይገባቸዋል። ሌላዋ ከነጠላዬ በላይ ከለበስሁት ያስቀይመኛል ትላለች። ሽማግሌው ጋቢውን ለማውለቅ ብርዱን ይፈራል፤ ይሁን እንጂ ውሃ የጠጣ ጋቢ በሰው አካል ላይ ተጠምጥሞ እጅና እግርን የሚያስር ነገር ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ ጋቢውን በጉልበት ላይ አድርጎ ጃኬቱን መልበስ ይሻላል። ከምክንያቶቹ ሁሉ አንዱ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንዳንድ ልምድ ያላቸው ነጂዎች፣ ሸራ የተወጠረበት ጀልባ ቢገለበጥ ጃኬት የለበሰ ሰው ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ከሸራው ሥር ታፍኖ ሊቀር ይችላል ይላሉ። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። መድኃኒቱ ግን ጃኬቱን መተው አይደለም፤ ለነፋስና ለፀሐይ ተብሎ በጎን የሚታሰረውን መጋረጃ በጉዞ ጊዜ ጠቅልሎ ማሰርና ጎንና ጎኑን መውጫ ማድረግ ነው። መዋኘት የማይችለው ተሳፋሪ ከሚችለው በሚበልጥበት አገር፣ ጃኬቱ የሚያድነው ሰው ሸራው ከሚያፍነው ሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለሕፃናት የሚሆን በልካቸው የተሠራ ጃኬት እንዲኖርም ያስፈልጋል፤ የትልቅ ሰው ጃኬት በሕፃን አንገት ላይ ሾልኮ ይወጣልና።

ስለ ነፋስ የሚወጣው ደንብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ነፋስ በበረታ ጊዜ ማንም ጀልባ ከዳር አይልቀቅ ብሎ መደንገግ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን በሐይቁ መካከል ያለችው ትልቋ ደሴት ደቅ ሰው የሚኖርባት ናት። ምጥ የያዛት ሴት ወይም በጽኑ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በውሃ ላይ ብቻ ነው፤ ሕመምም ነፋስ እስኪበርድ አይጠብቅም። ስለዚህ ክልከላው ለሽርሽር፣ ለጉብኝትና ለንግድ ጉዞ ጠንካራ ሆኖ፣ ለነፍስ አድን ጉዞ ግን ነጂውና ጤና ጣቢያው ተማክረው፣ ከታማሚውና ከአስታማሚው በቀር ማንም ሳይጫን፣ በጠንካራው ጀልባ እንዲሄድ በር ሊተውለት ይገባል። ይህን ልዩነት ያላደረገ ደንብ በመጀመሪያው አስቸጋሪ ሌሊት ይጣሳል፤ አንድ ጊዜ በደግ ምክንያት የተጣሰ ደንብ ደግሞ ከዚያ በኋላ በከንቱ ምክንያት ይጣሳል።

የውሃው ከፍታም በዚህ ጥናት ውስጥ ሊረሳ አይገባውም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 በር ያለው ግድብ ከተሠራ ወዲህ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የሐይቁ ከፍታ በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በሰው አሠራርም የሚወሰን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናቡ አንሶ ውሃው እጅግ ስለወረደ ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ውሃው ሲወርድ ቀድሞ በጥልቅ የነበረው ዓለት ወደ ላይ ይቀርባል፤ ለዓመታት በአንድ መንገድ የተመላለሰ ነጂም በለመደው መንገድ ላይ ድንጋይ ይገጥመዋል። እንቦጭ በበዛበት በሰሜን ምሥራቁ ዳር ደግሞ አረሙ በሞተሩ መዘውር ላይ ተጠምጥሞ ጀልባውን በውሃ መካከል ያቆመዋል፤ ሞተሩ የቆመ ጀልባም በማዕበል ፊት ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞተር ጀልባ መቅዘፊያ፣ መልሕቅና ውሃ መቅጃ ባልዲ ሳይዝ እንዳይነሣ ማድረግ በዋጋ ረገድ ቀላል፣ በጥቅም ረገድ ግን ትልቅ ነው።

ሌሎች አገሮችም አንድን ውሃ ለብዙ ሥራ የማዋል ችግር ገጥሟቸዋል። ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የናይቫሻ ሐይቅ ለዚህ ምሳሌ ነው። በናይሮቢ ምሥራቅ በኢምባካሲ የተሠራው የአውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1958 ከመከፈቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በውሃ ላይ የሚያርፉ ትልልቅ አውሮፕላኖች የናይሮቢን መንገደኞች በናይቫሻ ላይ የሚያወርዱበት ጊዜ ነበር። አውሮፕላን የሚያርፍበት ውሃ ከጀልባና ከመረብ የጸዳ መሆን ስላለበት፣ ሐይቁን በክፍል በክፍል መጠቀም በዚያ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የኢምባካሲና የሌላው የናይሮቢ ሰፈር ሰው በዕረፍት ቀኑ ናይቫሻ ወርዶ ጉማሬ ለማየት በጀልባ ይሳፈራል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 አንድ የውጭ አገር ጎብኚ በሐይቁ ዳር ፎቶግራፍ ሲያነሣ ጉማሬ ነክሶት ሞቷል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራም ጉማሬ አለ፤ ጎብኚውም ቅረብልኝ እያለ ነጂውን ይገፋፋል፤ ጉርሻም ይጨምራል። ጉማሬ ግልገሏን ይዛ ሳለች ወይም ከውሃው የምትመለስበት መንገድ ሲዘጋባት ጀልባን የምትገለብጥ ኃይለኛ አውሬ መሆኗን ነጂው ያውቃል። ርቀቱን የሚወስነው ነጂው እንጂ ጎብኚው እንዳይሆን በዋጋ ውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ፣ በውሃ መካከል ከመከራከር ያድናል።

ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሥራ ማዘግያ ሲሆን ይታያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የውሃ ላይ ትራንስፖርትን ማስተዳደር ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያስተዳድሩ አድርጓል። የባሕር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከዚህ የሚገባው ነገር፣ የጀልባው ምዝገባ፣ የአሠራሩ ምርመራና የነጂው የምስክር ወረቀት የማዕከላዊው ባለሥልጣን ጉዳይ ሲሆን፣ የወደቡ ቦታ፣ የዳርቻው ሥርዓትና የፖሊሱ ጥበቃ ግን የክልሉና የከተማው ሥራ መሆኑ ነው። መርማሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ጀልባው በየቀኑ ይነሣል። በየቀኑ በዳር የሚገኘው የከተማው ሰው ነው።

ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው፣ በየመነሻው ወደብ አንድ ኃላፊና አንድ መዝገብ እንዲኖር ነው። ይህ ባለበት ቦታ ይጠናከር፤ በሌለበት ይጀመር። የጀልባው ልክ በጎኑ ላይ ከሩቅ በሚነበብ ቁጥር ይጻፍ፤ ተሳፋሪው ራሱ ቆጥሮ እንዲያውቅ። ጀልባው ሲሞላ ውሃው ሊያልፈው የማይገባው መሥመርም በቀለም ይሰመርበት፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው መሥመሩ በውሃ ሥር መግባቱን ያያልና። ኃላፊው ገመዱ ሳይፈታ ተሳፋሪውን ይቁጠር፤ ጃኬት የለበሰውን ይይ፤ የሰማዩን ሁኔታ ይመልከት፤ ይህ ካልተሟላም ጀልባውን የማስቀረት ሥልጣን ይኑረው። ይህ ሥልጣን ነጂውን የሚጎዳ መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን የሚረዳው ነው። የበዓል ቀን ምእመን ሲለምነው እንቢ ማለት ለሚያሳፍረው ነጂ፣ ያስቀረሁህ እኔ አይደለሁም የወደቡ ኃላፊ ነው ብሎ የሚገላገልበት መንገድ ያገኛል። የማኅበሩ ጀልባዎች በተራ የሚነሡ ከሆነም፣ አንዱ ከልኩ በላይ መጫኑ የተከታዩን ባለ ተራ እንጀራ መውሰዱ ስለሆነ፣ ባልንጀሮቹ ራሳቸው ዘበኛ ይሆኑለታል።

ኃላፊው ማን ይሁን፣ ደመወዙስ ከየት ይከፈል የሚለውን የከተማው አስተዳደርና የጀልባ ማኅበራት በጋራ ሊወስኑት ይችላሉ። ከማኅበራቱ ብቻ ቢመረጥ ባልንጀራውን ለመከልከል ይቸገራል፤ ከአስተዳደሩ ብቻ ቢላክ ደግሞ ነፋሱን የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ሐይቁን የሚያውቅ፣ ነገር ግን በዚያ ቀን ጀልባ የሌለው፣ ደመወዙም በተሳፋሪ ቁጥር የማይወሰን ሰው የተሻለ ይሆናል።

በመዝገቡ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የጀልባው ቁጥር፣ የነጂው ስምና ስልክ፣ የሰዎቹ ብዛት፣ ከነዚህም ውስጥ ሕፃናቱ ስንት እንደሆኑ፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ የተነሡበት ሰዓትና ይመለሳሉ የተባለበት ሰዓት። ጀልባው በደኅና ሲመለስ በስሙ ፊት ምልክት ይደረግበታል። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ ምልክት የሌለበትን ይፈልጋል፤ ካገኘም ለነጂው ይደውላል፤ መልስ ካጣ በሄደበት ቦታ ላለው ሰው ይደውላል፤ ከዚያም መልስ ካጣ ገና ብርሃን ሳለ ፈላጊ ጀልባ ያስነሣል። መዝገብ በሌለበት ወደብ ግን የጠፋ ጀልባ መጥፋቱ የሚታወቀው ቤተሰብ በማግሥቱ ወደ ወደቡ መጥቶ ሲጠይቅ ነው።